ዶሮ ቤት ማስፋትና አዲስ ቄቦችን ከነባሮቹ ጋር ማላመድ

ዶሮ ቤታችሁ መጥበቡን ማወቅ ከፈለጋችሁ ቀን አትዩት። ቀን ቀን ሁሉም ውጭ ሲጭሩ ስለሚውሉ ቤቱ ሁሌ ሰፊ ይመስላል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የስልክ መብራት ይዛችሁ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ። እኔ አምና እንዲያ ሳደርግ አምስቱ ቆጡ ላይ ተጣብቀው ተኝተዋል። አንዷ እንቁላል መጣያው ሳጥን ውስጥ ገብታ ኩሷን ጥላበታለች። ሰባተኛዋ መሬት ላይ፣ መኖ ዕቃው ጥግ ተኮራምታለች።

ያኔ ማስፋት ነበረብኝ። እኔ ግን ጫጩት ገዛሁ።

ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ አራት አባወራ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በሰፈሩ ከሚያልፍ መኪና ላይ ስድስት የ45 ቀን ጫጩት ወሰድኩ። ጎረቤታችን እማማ ምክር ሰጡኝ፦ «በጨለማ ቆጡ ላይ አስቀምጣቸው ልጄ። ሲነጋ አብረዋቸው ያደሩ ይመስላቸዋል።» አስቀመጥኳቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት አንዷ የራስ ቆዳዋ ተገሽልጦ ጥግ ላይ ወድቃለች። የቀሩት አምስቱ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረዋል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ነባሮቹ ማሳል ጀመሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

በእማማ አልፈርድም። ምክራቸው ለትልልቅ ዶሮዎች አንዳንዴ ይሠራል። ለጫጩት ግን አይሆንም። ሲነጋ ዶሮ እንግዳዋን ወዲያው ትለያለች። ማን ቀድማ እንደምትበላ፣ ማን የቆጡን ዳር እንደምትይዝ ተደልድሎ ያለቀ ነገር ነው። አዲስ ፊት ሲመጣ ድልድሉ እንደገና ይጀመራል፤ ደልዳዩ ደግሞ መንቁር ነው።

ሁለተኛውን ሙከራ በሥርዓት ሠራሁት። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ቤቱን ማስፋትና ጫጩቶቹን ማላመድ አንድ ሥራ መሆናቸው ነው። የምትጨምሩት ክፍል መጀመሪያ የአዲሶቹ መኖሪያ ይሆናል፤ መሃሉ በሽቦ ይለያል። ሽቦው ሲነሳ ሁሉም አንድ ቤት ይሆናል። ከመጀመሪያው ሚስማር እስከ መጨረሻው ቀን ሁለት ወር ያህል ያዙለት።

መቼ ይጀመር?

መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት። ክረምት ላይ ጉዝጓዙ አይደርቅም። እርጥብ ጉዝጓዝ ደግሞ ጫጩት የሚፈጀው የአንጀት በሽታ፣ ኮክሲዲዮሲስ፣ የሚመቸው ቦታ ነው። የህዳርና የታህሳስ ሌሊት ይበርዳል፣ እውነት ነው፤ ግን ብርድን በጭድ ትከላከሉታላችሁ፣ ጭቃን አትችሉትም። ሌላም ጥቅም አለው። ጥቅምት መጀመሪያ የገባች የ45 ቀን ቦቫንስ ብራውን የምትባል የፈረንጅ ዶሮ ገናና ጥምቀት አካባቢ እንቁላል ትጀምራለች። ሁዳዴ ሲገባ እንቁላሉ ይጠራቀማል እንጂ አይጠፋም። የሐበሻ ዶሮ ከሆነች ግን ታገሷት፤ ስድስት ሰባት ወር ትፈልጋለች።

በበዓል ዋዜማ ከገበያ አትግዙ። ሾላም ይሁን ሌላ ቦታ፣ በዓል ሲደርስ ከየአቅጣጫው የመጣ ዶሮ አንድ ላይ ይታጎራል። ፈንግል የሚባለው ዶሮ ጨራሽ በሽታ እንደዚያ ያለ ቦታ ይወዳል።

መጀመሪያ ሜትር ያዙ

ቀን ውጭ ለሚውሉ ዶሮዎች ቤቱ ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 በላይ አታስገቡ። ውጭ ደግሞ በሽቦ የታጠረ መንጎራደጃ ለእያንዳንዷ 1 ካሬ ሜትር ይኑራት። መሃል ከተማ ግቢ ውስጥ ይሄ ቅንጦት ይመስላል። ግን ቦታው ከሌለ መቀነስ ያለበት የዶሮው ቁጥር ነው።

የኔ አሮጌ ቤት 1.2 በ1.5 ሜትር ነበር፤ 1.8 ካሬ። ለሰባት ልክ ነው። 15 ለማድረስ 3.75 ካሬ ያስፈልጋል። ስለዚህ 1.5 በ1.5 የሆነ ክፍል ጎኑ ላይ ቀጠልኩ፤ ድምሩ 4.05 መጣ። ሒሳቡ ይሄው ነው።

ካሬው ብቻ ግን አያኗኑርም። ጠብ የሚነሳው ወለሉ ላይ ሳይሆን ሦስት ቦታ ላይ ነው። ቆጥ ላይ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲሜትር ያስፈልጋታል፤ 25 ቢሆን ይመረጣል። መኖ ዕቃው ላይ 10 ሳንቲሜትር። እንቁላል መጣያ ለአራት አምስት ዶሮ አንድ ሳጥን፣ ሠላሳ በሠላሳ የሆነ። አራት ሳጥን ብትሠሩላቸውም ሁሉም አንዱ ላይ ይሰለፋሉ፤ ለምን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ከጎረቤት ጋር ማውራትም የዚህ ደረጃ ሥራ ነው። ሰባት ዶሮ የማይሸተው ሰው 15 ሲሆን ይሸተዋል። በጋራ ግቢ ደግሞ አውራ ዶሮ ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ኩኩሉ ሲል ቅሬታው ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ለእንቁላል አውራ አያስፈልግም። ጫጩት ማስፈልፈል ካልፈለጋችሁ ይቅርባችሁ። ወረዳው ላይ የከተማ ግብርና ባለሙያዎችን ጠይቁ፤ የሌማት ትሩፋት በ2015 ከተጀመረ ወዲህ የዶሮ ጥያቄ አይገርማቸውም። የክትባቱንም ነገር እዚያው አንሱባቸው።

ግንባታው

ዕቃውን አብዛኛውን መርካቶ ምናለሽ ተራ ታገኙታላችሁ። የፈረሰ ቤት በር፣ ያገለገለ ቆርቆሮ፣ ሞራሌ። አሮጌ እንጨት ስትገዙ ግን ስንጥቁን በቢላ ጫፍ እየከፈታችሁ እዩ። ደም የሚመጥጡ ተባዮች ቀን ቀን የሚደበቁት እዚያ ውስጥ ነው። በበረኪና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን አውሉት፤ ከዚያ ኖራ ቀቡት።

የኛ ሰፈር ቁልቁለት ስለሆነ ወለሉ ዋናው ጣጣ ነበር። ሐምሌ ላይ ከላይ ግቢ የሚወርደው ጎርፍ በዶሮ ቤቱ ሥር ነው የሚያልፈው። አዲሱን ወለል በድንጋይና በጠጠር 25 ሳንቲሜትር ከፍ አደረግኩት። ከላይ በኩል ትንሽ ቦይ ቆፈርኩ። ለጥ ባለ ሰፈር ያላችሁ እንኳ ከ15 አታሳንሱ።

ማዕዘኑ ላይ ባህር ዛፍ ወይም ሞራሌ አቁሙ። እስከ 60 ሳንቲሜትር ከፍታ ድረስ ግድግዳውን በጣውላ ወይም በቆርቆሮ ድፈኑት፤ ነፋስ ዶሮዎቹን እንዳይመታቸው። ከዚያ በላይ ሽቦ ይሁን። ከጣራው ሥር በሁለት ትይዩ ጎን 20 ሳንቲሜትር ክፍት ተዉ። ብርድ ይገባል ብላችሁ እንዳትደፍኑት። ዶሮ ደረቅ ብርድ ትችላለች፤ የማትችለው በእርጥበትና በኩስ ሽታ የታፈነ አየር ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ጠዋት በሩን ሳትከፍቱ በፊት ቁጢጥ ብላችሁ አፍንጫችሁን በቆጡ ቁመት አድርጉ። ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ የነሱን ሌሊት አስቡት።

ስለ ሽቦው ገንዘብ አትቆጥቡ። ያ ስስ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ያግዳል፤ ሸለምጥማጥን ከመግባት አያግድም። አዲስ አበባ መሃል ሸለምጥማጥ የለም የምትሉ ካላችሁ አንድ ሌሊት ቀበና ወንዝ ዳር እደሩ። ለአይጥም ቢሆን ቀዳዳው ከ1.2 ሳንቲሜትር ያልበለጠ፣ የተበየደ ሽቦ ያስፈልጋል። ከሥር 30 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ አጥፋችሁ አፈር አልብሱት። መንጎራደጃውን ከላይም ሸፍኑት፤ ጭልፊት በቀን ነው የሚመጣው፣ የሚወደውም ትንንሾቹን ነው።

ጣራው ከግድግዳው 40 ሳንቲሜትር ያህል ይውጣ። ውሃው ወደ ጎረቤት ግድግዳ እንዳይወርድ አቅጣጫውን አስቀድማችሁ አስቡ። እኔ አላሰብኩም ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ ነቅዬ ገለበጥኩት።

ቆጡን ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ካለው የተላጠ ባህር ዛፍ ሥሩ። ሁሉም ቆጥ አንድ ቁመት ላይ ይሁን። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ካለ ሁሉም ከፍ ያለውን ፈልገው ማታ ማታ ይጣላሉ። 60 ሳንቲሜትር ይበቃል። በቆጥና በቆጥ መካከል 40 ተዉ።

አሁን የሁሉ ነገር ቁልፍ፦ በአሮጌውና በአዲሱ ክፍል መካከል ያለውን ግድግዳ ንቀሉና በእንጨት የተወጠረ ሽቦ አስገቡ። በሚስማር አትቸንክሩት። በአራት ማጠፊያ ወይም በሽቦ እሰሩት፤ አንድ ቀን ትከፍቱታላችሁና። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ጭድ አሥር ሳንቲሜትር ያህል ጎዝጉዙ።

ሦስት ሳምንት ተለይተው

ጫጩቶቹ ሲመጡ በቀጥታ ወደ አዲሱ ክፍል አይገቡም። ኮሮና ጊዜ ለይቶ ማቆያ ያልነው ነገር ለዶሮም ይሠራል። በረንዳ ላይ፣ ደረጃ ሥር፣ ብቻ ከዶሮ ቤቱ የራቀ ቦታ ሦስት ሳምንት ይቆዩ። የራሳቸው መኖ ዕቃና መጠጫ ይኑራቸው። መጀመሪያ ነባሮቹን መግቡ፣ ቀጥሎ አዲሶቹን። በጫማ ሥር በሽታ ይሄዳልና ለአዲሶቹ ሌላ ሸበጥ መድቡ። የኔ ልጆች ይሄን ሕግ ወደዱት፤ ቀይ ሸበጥ ያደረገ ሰው ወደ ዶሮ ቤት ካለፈ ግቢው በጩኸት ይናወጣል።

ስትገዙ ሻጩን ምን ምን እንደተከተቡ ጠይቁት። ፈንግልና ሌላው የጫጩት በሽታ ጉምቦሮ፣ መቼ መቼ? ወረቀት ካለው ጥሩ። «ሁሉንም ተከትበዋል» ብሎ ቀኑን ካልነገራችሁ አልፋችሁ ሂዱ። የምትገዙት ጫጩት ከሦስት አይነስ። አንድ ብቻዋን የገባች ጫጩት የሁሉም መንቁር ማረፊያ ናት።

በነዚህ ሦስት ሳምንታት ኩሱን እዩ። ደም የቀላቀለ ኩስና ክንፍ ጥሎ መቆዘም ኮክሲዲዮሲስ ሊሆን ይችላል፤ የእንስሳት ሐኪም ቶሎ ከደረሰበት አምፕሮሊየም በውሃ ሰጥቶ ያድናል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ አንገት መጠምዘዝ ካያችሁ ግን ፈንግል ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። መድኃኒት የለውም። የሞተችውን ወደ ወንዝ ወይም ቆሻሻ ገንዳ አትጣሉ፤ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩ።

ለፈንግል ያለው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ያመርተዋል። ላሶታ የሚባለውን በመጠጥ ውሃ ስትሰጡ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል። የጉድጓድ ወይም ክሎሪን የሌለው ውሃ ተጠቀሙ። ከሌለ በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት በጥብጡበት። ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ከልክሏቸው፤ ሲጠሙ ቶሎ ይጨርሱታል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ብልቃጡን ከሱቅ እስከ ቤት በበረዶ ይዛችሁ ኑ። አንድ ብልቃጥ ለናንተ 15 ዶሮ በጣም ይበዛል። ሲከፈት ደግሞ አይቀመጥም፤ ዶሮ ያላቸውን ጎረቤቶች ሰብስቡና አንድ ቀን አብራችሁ ስጡ።

የአንድ ቀን ጫጩት ከገዛችሁ ሥራው ይከብዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ትቀንሳላችሁ። አምፖል ጥሩ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ታቅፋችኋቸው ታድራላችሁ። መብራት የማይፈልገው የጭድ ሳጥን አለ፤ የግብርና ባለሙያዎች ለገጠር ሲያስተምሩት የኖሩት። ትልቅ ሳጥን ውስጥ ትንሽ ሳጥን ታስቀምጣላችሁ። መሃሉን በጭድ ጠቅጥቃችሁ ትሞላላችሁ። ከላይ ጭድ የተሞላ የጨርቅ ትራስ ይከደናል፤ አየር እንዲገባ ጥቂት ቀዳዳ ይተዋል። ጫጩቶቹ በገላቸው ሙቀት ይሞቃሉ። ከተከመሩ በርዷቸዋል፤ አፍ ከፍተው ከተበታተኑ ሞቋቸዋል። ከሰል በዝግ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አታንድዱ፤ እነሱንም እናንተንም ይገድላል።

በሽቦ መተያየት

ሦስት ሳምንቱ በሰላም ካለፈ ጫጩቶቹን፣ አሁን እንቁላል ያልጀመሩ ቄቦች ሆነዋል፣ ወደ አዲሱ ክፍል አስገቡ። ሽቦው መሃል ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲህ ይቆያሉ።

የመጀመሪያው ቀን ሽቦው ላይ ጦርነት ነው። የኔዋ ገብስማ፣ የቤቱ አለቃ፣ አንገቷን ነፍታ ሽቦውን እየደበደበች ዋለች። በሦስተኛው ቀን አልፎ አልፎ ዞር ብላ ታያለች። በሰባተኛው ጀርባዋን ሰጥታ አሸዋ ላይ ትንፈራፈራለች፤ አንዷ ቄብ ከሽቦው ወዲያ እሷኑ አይታ ትንፈራፈራለች። ያን ስታዩ ሥራው እየሄደ ነው።

መኖውን በሁለቱም በኩል ከሽቦው ሥር አድርጉ። ተያይተው መብላት ይልመዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፦ የጣይ፣ ማለትም እንቁላል የምትጥል ዶሮ፣ መኖ ለቄብ አይሆንም። ካልሲየሙ ወደ 4 በመቶ ስለሚጠጋ ኩላሊቷን ይጎዳል። መቀላቀያው ሲደርስ የማን መኖ የማን ነው ብሎ መከልከል አይቻልም፤ ስለዚህ ሁሉም የታዳጊ መኖ ይብሉ። ለጣዮቹ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት በሌላ ዕቃ አስቀምጡ። የሚያስፈልጋት ራሷ ትበላለች። ቄቦቹ 17፣ 18 ሳምንት ሲሆናቸው ሁሉንም ወደ ጣይ መኖ መልሷቸው።

ሽቦው ሲከፈት

መጀመሪያ ትንሽ ቀዳዳ። ሽቦው ሥር ቄብ የምታልፍበት፣ ትልቅ ዶሮ የማታልፍበት በር ቁረጡ። እኔ በ11 ሳንቲሜትር ስፋት ሞከርኩት፤ ለኔዎቹ ሠራ። ቄቦቹ ወደ ነባሮቹ ክልል ወጥተው ይሰልላሉ። ስትባረር አንዷ ሾልካ ትመለሳለች። ፈሪዋ የምትሸሽበት ካላት ጠቡ ቶሎ ይበርዳል።

ሦስት አራት ቀን እንዲያ ከሄደ ሙሉ ለሙሉ አገናኟቸው። ቤት ውስጥ ሳይሆን ውጭ። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ መምሸቱ ሁለት ሰዓት ሲቀረው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በፊት መንጎራደጃውን እንዳለ ለውጡት። መኖ ዕቃውን ከቦታው አንሱ። ጣውላ ግድግዳ ላይ አስደግፉ፣ የተቀደደ ቅርጫት ድፉ፣ ካርቶን ጣሉ። ለነባሮቹም ቦታው አዲስ ሲሆንባቸው ከመምታት ይልቅ መቃኘት ይይዛሉ። ሙሉ ጎመን በገመድ አንጠልጥሉ፤ ለግማሽ ሰዓት ሁሉንም ያስረሳል።

እናንተ እዚያው ቁጭ በሉ። አንድ ጊዜ ራስ ላይ ጠቅ አድርጋ ብትተዋት፣ ሁለት እርምጃ ብታባርራት አትግቡ። እሱ ድልድሉ ነው። ጥግ ድረስ አሳድዳ ከላይ ከወጣችባት ወይም ሁለት ሦስት ሆነው አንዷን ከያዙ እሽ ብላችሁ ለዩ። ደም ከታየ የቆሰለችዋን ወዲያው አውጡ። ቀይ ነገር ሁሉንም ይጠራል። ቁስሉን አጥባችሁ ጂቪ (ጄንሽያን ቫዮሌት) ቀቡት፤ ወይን ጠጁ ቀለም ደሙን ይሸፍናል።

ሁሌ የምትመታ አንድ አለች። ያኔ የሚገለለው ተመቺዋ ሳይሆን መቺዋ ናት። ገብስማን ለሦስት ቀን በቅርጫት ደፍቼ ማድ ቤት ጥግ አስቀመጥኳት። ስትመለስ ቦታዋ ተይዟል፤ ራሷ እንግዳ ሆናለች። ጉራዋ በረደ። እማማ እንኳ «ታስራ ወጣች» ብለው ሳቁ።

ማታ ማታ

ሽቦው ሙሉ በሙሉ የሚነሳው ውጭ ለአምስት ተከታታይ ቀን ደም ሳይታይ ሲውሉ ነው። ቅዳሜ ብታደርጉት እሁድ ጠዋት ቤት ናችሁ።

ቄቦቹ መጀመሪያ ቆጥ ላይ አይወጡም። ጥግ ይከመራሉ ወይም እንቁላል መጣያው ውስጥ ይገባሉ። ሳጥኖቹን ማታ ማታ በካርቶን ዝጉ፣ ጠዋት ክፈቱ። ከጨለመ በኋላ አንድ በአንድ እያነሳችሁ አዲሱ ክፍል ያሉት ቆጦች ላይ አስቀምጧቸው። እግራቸው እንጨቱን እስኪጨብጥ ድረስ ደረታቸውን ያዙ። አንድ ሳምንት ያህል ትደክማላችሁ። ጠዋት በሩን ከወትሮው ቀደም አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ጠብ የሚነሳው ነቅተው ታፍነው ሲቆዩ ነው። ሁለት መኖ ዕቃና ሁለት መጠጫ በተለያየ ጥግ ይቀመጥ፤ አንዷ ሁለቱንም መጠበቅ አትችልም።

ሽቦውን ስታነሱ አትጣሉት። የኔው ከጣራው ማገር ላይ ተንጠልጥሎ ስድስት ወር ከረመ። ያለፈው ሳምንት አወረድኩት። ገብስማ ታቅፋለች፤ 21 ቀኗን ስትጨርስ እሷና ጫጩቶቿ የሚሆኑት ከሽቦው ወዲያ ነው።